ሐሪቱን አሳልፌ የሰጠሁባት ቅዳሜ

ይህን የምጽፈው ለድመት ወዳጆች አይደለም። እኔ ራሴም ከነሱ አልነበርኩም። የምጽፈው ቤታቸው ታማሚ ለተኛባቸው፣ ከሥራ ሲገቡ ሌላ ሥራ ለሚጠብቃቸው፣ ከድካማቸው ብዛት መድከማቸውን ለረሱ ሰዎች ነው። እኔ ያጠፋሁትን ገና ያላጠፋ ካለ፣ ይህን አንብቦ ቢተርፍ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ትዳሬ ከፈረሰ ቆይቷል፣ ልጅም የለኝም፣ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ጋይንት፣ ቤተ ልሔም፣ ድጓ ሲያስተምሩ የሸበቱ ሰው ናቸው። እናቴ ካረፈች በኋላ እኔ ዘንድ እንዲመጡ ስንት ጊዜ ለምኛቸው፣ ጉባኤዬን ለማን ትቼ እያሉ እምቢ ብለውኛል። ባለፈው ሰኔ ግን በተማሪዎቻቸው ትከሻ፣ በቃሬዛ ወጡ። ደም ግፊት ነው። ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፣ አንደበታቸው ተያዘ።

ሆስፒታል ሰንብተው ሲወጡ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ አስረዳኝ። የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፣ ቃሉ ግን ከአፋቸው አይወጣላቸውም፤ በጊዜ ብዛት ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። ዕድሜያቸውን በሙሉ በድምፃቸው የኖሩ ሰው ድምፃቸው ተወስዶባቸው እኔ ቤት ተኙ። እኔም ሳላስበው አንደበታቸው ሆንኩ።

በእኛ አስተዳደግ ትልቅ ሰው ሲቸገር ቆሞ ማየት ነውር ነው። ሸክም ይዘው ካየን እንቀበላለን፣ ሊነሱ ሲሉ እንደግፋለን፤ ቃል ከጠፋቸው ደግሞ ቃሉን እናቀብላለን። አባዬ «እ... እ...» ብለው ሲጀምሩ እኔ ቶሎ ብዬ ውሃ ነው፣ ትራሱ ነው፣ ላንሳዎት እያልኩ እደረድራለሁ። አንዱ ከገጠመ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ካልገጠመ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ተማሪዎቻቸው ከጋይንት ሊጠይቋቸው ሲመጡም መልስ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። በመምጣታችሁ ደስ ብሏቸዋል እላለሁ። ጉባኤው እንዳይታጠፍ አደራ ይሏችኋል እላለሁ። ይህን ማለታቸውን በምን አወቅሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ድመቷ የመጣችው በመስከረም ነው። ወንድሜ ደመላሽ ባሕር ዳር ሹፌር ነው። የሚነዳላት ፈረንጅ ሥራዋን ጨርሳ አገሯ ስትገባ ድመቷን ለሱ ሰጠችው፤ እሱ ደግሞ ቀኑን መንገድ ላይ የሚውል ሰው ነውና ለኔ አመጣት። ለአባዬ ማጫወቻ ትሆናለች አለ። እኔ የታየኝ ሦስተኛ አፍ እንደተጨመረብኝ ብቻ ነው።

ባሊኒዝ የሚባል ዘር ነው አለኝ። እውነቱን ለመናገር ታምራለች። ገላዋ ወተት መሳይ፣ ፊቷና ጆሮዋ የተቆላ ገብስ የመሰለ፣ ዓይኗ ሰማያዊ ነው። ጸጉሯ ረጅምና እንደ ሐር ልስልስ ነው፤ ጅራቷ ካህናት የሚይዙትን ጭራ ያህላል። ለዚህ ነው ሐሪቱ ያልናት። ግን መልኳን አይተን ሳንጨርስ ወሬዋ ጀመረ።

የኛ አገር ድመት የምትጮኸው ሲርባት ነው፣ ወይም ወንድ ሲያምራት። ሐሪቱ ለሁሉም ነገር ትናገራለች። በር ሲከፈት ለምን ተከፈተ፣ ሲዘጋ ለምን ተዘጋ ትላለች። ደብተር ሳርም ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ማርኩ አነሰ የምትል ይመስላል። ድምፁም እንደ ተራ ድመት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ወደ ላይ ወጥቶ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስትጨርስ ዝም ትልና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔ ደግሞ ሂጂ ወዲያ እላታለሁ።

ደመላሽ የአያያዟን ሥርዓት በድምፅ መልእክት ልኮልኛል። በሁለት ቀን አንዴ ትበጠር፤ በተለይ ብብቷና ሆዷ ካልተበጠረ ይቋጠራል፣ ከተቋጠረ ቆዳዋን ይጎትታል። ጸጉሯን ስትልስ ስለምትውጥ አንዳንዴ ታስመልሳለች፣ እንዳትደነግጪ። አጥንት አትስጫት። ደግሞ ዋናው ነገር ብቻዋን ብዙ አትቆይ፣ ይህ ዘር ብቸኝነት አይችልም፣ ይታመማል ይላል። እኔስ ብቻዬን ስቆይ ብዬ መልሼ ላክሁለት። ሳቀ።

እንዲያም ሆኖ አበጠርኳት። አባዬን አገላብጬ፣ አጥቤ፣ አጉርሼ፣ የነገውን ትምህርት አዘጋጅቼ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ የድመት ብብት አበጥራለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጣጣው ባሰ። ወተት የለ፣ ሥጋ የለ። ጎረቤቴ እትዬ ስንዱ እሷም እንደኛ ትጹም እያሉ ሽሮ ያቀርቡላታል፤ አሽትታው ረጅም ንግግር ታደርግና ትሄዳለች። እኔ እንደ ሌባ ጓሮ ገብቼ እንቁላል እቀቅልላት ነበር። የመሪጌታ ልጅ በዘወረደ ሳምንት እንቁላል ስትልጥ የሚያያት ሰው ምን እንደሚል እያሰብኩ።

ይህንም ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ጠዋት ጠዋት የሚሆነውን ነው።

ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ሐሪቱ አባዬ አልጋ ላይ ወጥታ እግራቸው ሥር ትቀመጣለች። እትዬ ስንዱ በአጥሩ በኩል ብቅ እያሉ ያዩልኛል። በእረፍት ሰዓት ስመለስ ገና ከውጭ በር ሁለት ድምፅ ይሰማኛል፤ የሷ ጩኸትና የአባዬ ማቃሰት። «አአ... ውው...» ይላሉ፣ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ሕመም እንደያዘው ሰው። ሮጬ ስገባ ሁለቱም ዝም ይላሉ። የአባዬ ፊት ላብ አውጥቶ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አገኛቸዋለሁ። ምን ሆኑ፣ አስቸገረችዎት፣ ላስወጣት ስላቸው «እ...» ብለው ይጀምራሉ። በሉ ይረፉ እልና ድመቷን አንጠልጥዬ ወደ ውጭ እወረውራታለሁ። እሷ ደጃፍ ላይ ሆና ትሰድበኛለች።

እትዬ ስንዱን ብጠይቃቸው፣ የኔታን አላስቀምጥ ብላለች መሰል፣ ሙሉ ጠዋት ሲንጫጩ ነው የሚውሉት አሉኝ። ይህ በቃኝ። አባቴ መናገር የማይችሉ ሰው ናቸው፣ ድመት ስታውካቸው ሂጂ ማለት እንኳ አይችሉም፣ እኔም ለወንድሜ ይሉኝታ ብዬ አሰቃየኋቸው ስል አሰብኩ። ከዚህ ሁሉ በታች ግን ሌላ እውነት ነበረ። አንድ ሥራ እንዲቀንስልኝ ፈልጌ ነበር። የማይናገረውን ለማባረር ስለማይቻል የምትናገረውን ላባርር ነበር።

አብሮኝ የሚያስተምር አስናቀ የሚባል የስማዳ ልጅ አለ። እናቱ ከወገዳ ወጣ ብሎ ያለ መንደር ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ አዲሱን ገብሳቸውን አይጥ ጨረሰው ሲል ሰምቼ ነበር። ድመቴን ውሰድላቸው አልኩት። ጸጉሯን አይቶ ትንሽ አመነታ። ይህች የምትይዘው አይጥ ሳይሆን መስታወት ነው አለ። ድመት ድመት ናት አልኩት፤ የባዮሎጂ መምህርነቴን አስታውሱልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አባዬ አልነቁም። ድመት ከቤት ስትሸኝ መንገዱን ለይታ እንዳትመለስ ማዳበሪያ ውስጥ ተከታ፣ ደጃፍ ላይ ሦስት ጊዜ መዞር አለባት ብለው እትዬ ስንዱ አዘውኛል። ከትኳት፣ አፉን አሰርኩት፣ አዞርኳት። እስከዚያች ሰዓት አምስት ወር አፏን ያልዘጋች ድመት ማዳበሪያው ውስጥ ትንፍሽ አላለችም። አስናቀ በትከሻው ይዟት ወደ መናኸሪያ ሄደ። እኔ ገብቼ ተኛሁ፤ ስለ እንቅልፌ አልዋሻችሁም፣ ጥሩ እንቅልፍ ነበር።

አባዬ ሲነቁ መጀመሪያ ያዩት እግራቸውን ነው። ከዚያ በሩን። ድመቷ ሄዳለች፣ ከእንግዲህ ይረፉ፣ አይጥ ያስቸገራቸው እናት ዘንድ ላክኋት አልኳቸው። «እ...» አሉ። አጥሚቱን ላምጣ አልኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እሑድ ጸጥታው እረፍት መሰለኝ። ሰኞ ግን አጥሚቱ እንደቀረበ ቀዘቀዘ። ማንኪያውን ከንፈራቸው ላይ ሳስነካ ጥርሳቸውን ይገጥማሉ። ሲያቃስቱም አልሰማሁም፤ «እ» የምትለዋን እንኳ ተዉ። ማክሰኞ ውሃም እምቢ አሉ። የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን መጥቶ ምላሳቸውን አይቶ፣ ቆዳቸውን ቆንጥጦ ከቤት ወጣ ሲል ተከተልኩት። አዲስ ሕመም አላገኘሁም አለኝ። እስከ ሐሙስ ካልጠጡ ግን ደብረ ታቦር ሄደው በአፍንጫቸው ቱቦ መግባት አለበት፣ በዚህ ዕድሜና በዚህ መንገድ ደግሞ እንዴት እንደሚደርሱ እንጃ አለ። በዚያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል።

ማክሰኞ ከሰዓት አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ስለምን ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ እጃቸውን አንስተው ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። መስኮቱ ላይ የድመቷ ማበጠሪያ አለ። ደስ አለኝ፤ አንድ ነገር ፈለጉ ብዬ ማበጠሪያውን በሳሙና አጥቤ ጢማቸውን ማበጠር ጀመርኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ደንግጬ ስቆም በዚያችው ግራ እጃቸው ብርድ ልብሱን ይዳስሱ ጀመር። እግራቸው ሥር የቀረ አንድ ጉንጉን ነጭ ጸጉር አገኙ። ያዙት። ጡጫቸውን ጨብጠው ደረታቸው ላይ አስቀመጡት።

ወጥቼ እትዬ ስንዱ ጋ ሄድኩ። አጥሩ ጋ ቆመን አለቀስኩ። ድመቷን ነው የፈለጉት፣ ታስቸግራቸዋለች ብዬ እኮ ነው አልኳቸው።

እትዬ ስንዱ ግን፣ «ልጀ፣ እኔስ ማስቸገሩን እንጃ» አሉ። «እሷ ትላለች፣ ታቆማለች። እሳቸው ይላሉ። ደግሞ እሷ። አንዳንዴማ የኔታ ተማሪ ዜማ ሲያስቀጽሉ ነው የሚመስለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንች ታውካቸዋለች ስትይ እኔ ምን ልበል? የተማርሽ አንች ነሽ።»

ይህን ስሰማ ያየሁት ልጅነቴን ነው። ቤተ ልሔም፣ ጎጇችን አጠገብ፣ አንድ ተማሪ አባዬ ፊት ቆሞ ዜማው ይጠፋበታል። አባዬ አያቀብሉትም። መቋሚያቸውን ይዘው ይጠብቁታል። ልጁ ያልበዋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እኔ አዝኜለት ለምን አይነግሩትም ስላቸው፣ እኔ ከነገርኩት የኔ ነው፣ እሱ ካገኘው የሱ ነው ይሉኝ ነበር። ያ ላብ፣ ያ እንባ የሕመም አልነበረም ማለት ነው። አባቴ እየሠሩ ነበር። በየጠዋቱ ሥራቸው ላይ ደርሼ ነው ተማሪያቸውን በአንገቷ ይዤ የምወረውረው።

ረቡዕ ጠዋት አባዬን ለእትዬ ስንዱ አደራ ሰጥቼ፣ ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ለምኜ፣ ከአስናቀ የመንደሩን አቅጣጫ ተቀብዬ ተነሳሁ። ስልክ ብንደውል ኔትወርክ የለም። እህል የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ለሦስት ተጣበን ሄድን። ኬላ ላይ ግማሽ ቀን ቆምን። ሹፌሩ ወገዳ ምን ዓይነት ጉዳይ ቢኖርሽ ነው በዚህ ጊዜ አለኝ። የታመመ አለብኝ አልኩት። ድመት ለማምጣት ማለት አፍሬ።

ከወገዳ አንድ ሰዓት በእግር ነው። የታጨደ የገብስ ማሳ አቋርጬ ስደርስ የአስናቀ እናት፣ እማማ የሺ፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ከማን ዘንድ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ሳልጨርስ ሰፌዱን አስቀመጡት።

«ድመቷን ብለሽ ነው የመጣሽ» አሉ።

አዎ ስላቸው ተነስተው እህል ቤቱን ከፈቱልኝ። ባዶ ነው። ገብሱ አለ፣ ድመት የለም። ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። አስናቀ እንዳመጣት እንደ አገሩ ሥርዓት እህል ቤት ውስጥ ያለ ምግብ ዘጉባት፤ የራባት ድመት ታድናለችና። ሁለት ቀን ሙሉ ጮኸች። አይጦቹ በአጠገቧ ሲሄዱ አልነካቻቸውም። ሰኞ ቀትር ላይ ጩኸቷን መቻል አቅቷቸው ከፈቱላት። ጸጉሯ ሁሉ ጭጎጎት ይዞ ተቋጥሯል። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በመቀስ ቆረጡላት። ያን ቀንና ማክሰኞን ከእግራቸው ሳትለይ ዋለች።

«እንዴት ያለች ፍጥረት ናት አንች» አሉኝ። «ትናገርና ዝም ትላለች። ምን እንደምመልስላት ሲጠፋኝ እንኳ አትሄድም፣ ትጠብቀኛለች። የአስናቀ አባት ከሞተ ወዲህ እዚህ ቤት እንዲያ ብሎ የጠበቀኝ የለም። ልጆቼ ሲመጡ ይናገራሉ፣ ይሄዳሉ።»

በዚያው ዕለት ማለዳ ሲነሱ አጧት። ከጓሮው እሾህ አጥር ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ ነጭ ጸጉር አሳዩኝ። እስኪመሽ ፈለግን። እማማ የሺ በምርኩዛቸው ቁጥቋጦ እየነካኩ፣ እኔ ገደሉን ተከትዬ ሐሪቱ፣ ሐሪቱ እያልኩ። በየጥሪው መሐል ዝም ማለት ነበረብኝ፣ ድምፅ ለመስማት። እኔ ግን ፈርቼ ሳላቋርጥ ነበር የምጠራት። በመጨረሻ እማማ የሺ እጄን ያዙና፣ «እስቲ ዝም በይ ልጀ፣ ብትመልስም እኮ አትሰሚያትም» አሉኝ። ዝም አልኩ። ነፋስ ብቻ ነበር።

አዳሬ እሳቸው ዘንድ ሆነ። ሲነጋ ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው አልኳቸው። ከመለየታችን በፊት አባትሽን ታዋሪያቸዋለሽ ወይ አሉኝ። ሁልጊዜ አወራቸዋለሁ፣ አፌን ዘግቼም አላውቅ አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቤት እስከ መኪናው ድረስ ያሰብኩት ያን ጥያቄ ነው።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶ እጄን ቤቴ ገባሁ። ጫማዬ አቧራ፣ ቀሚሴ ጭጎጎት። እትዬ ስንዱ አንድ ማንኪያ እንኳ አልወሰዱም ብለውኝ ወጡ። አባዬ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል፣ የግራ እጃቸው ጡጫ አልተፈታም። ወንበር ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ልዋሻቸው አስቤ ነበር። ትመጣለች ልላቸው፣ እንዲጠጡ ብቻ። አቅም አጣሁለት።

«አባዬ፣ ሐሪቱ ጠፍታለች» አልኳቸው። «ሄጄ ነበር፣ አላገኘኋትም። የሚያስቸግሩኝ እርስዎ ይሁኑ እሷ መለየት አቅቶኝ ነው የሰጠኋት። እርስዎን ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። ምን ይላሉ?»

ከዚያ ዝም አልኩ።

ይህን ለማለት ቀላል ነው። ተቀምጦ ማየት ግን ሌላ ነው። አባዬ ቀስ ብለው ፊታቸውን መለሱ። ዓይኔን አዩኝ። አፋቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ። «ደ...» አሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ መጣ። «ደ...» ደረትዎን ነው፣ ልል ነበር። ደግፊኝ ነው፣ ልል ነበር። አሥር ቃል አፌ ላይ መጥቶ ጥርሴን ነክሼ መለስኩት። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ጎረቤት ምስማር ሲመታ ይሰማኛል። አባዬ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ደነገጥኩ፣ ግን አልተናገርኩም። ድምፃቸው ከሆዳቸው ተነሳ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ እንደ ሐሪቱ ድምፅ ተንጠልጥሎ ቆየ፣ ከዚያ ወረደ።

«ደከመሽ» አሉኝ።

ስምንት ወር ሙሉ ፈልገው ያገኙት ቃል ይህ ነው። ውሃ አይደለም፣ ሕመም አይደለም፣ ድመቷም አይደለችም። ስንት ጊዜ «እ...» ብለው ሲጀምሩ ይህችን ሊሉኝ ይሆን እያልኩ ዛሬም አስባለሁ። አልጋቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ጡጫቸውን ፈትተው በዚያች እጃቸው ራሴን ዳሰሱኝ፤ ጸጉሯ በጸጉሬ ላይ ቀረ። አጥሚቱን የጠጡት ቀዝቃዛውን ነው፣ ላሙቀው ስል ጊዜ ሳይሰጡኝ።

አባዬ ዛሬም አሉ። ወደ ሠላሳ የሚሆን ቃል አላቸው፤ አንዳንዱን የሚያገኙት በዜማ ነው፣ ከዜማው ውስጥ ስበው ያወጡታል። ተማሪዎቻቸው ሲመጡ እኔ ጓሮ እወጣለሁ። ስገባ ሁሉም ዝም ብለው አገኛቸዋለሁ፤ ተማሪው ያፍራል፣ አባዬ ይሠራሉ። ክፍል ውስጥም ጥያቄ ጠይቄ ልጅ ሲንተባተብ መልሱን እኔው እሰጥ የነበርኩት ሴት አሁን ጠመኔዬን ይዤ እቆማለሁ። ተማሪዎቼ ሴትዮዋ ረሳችው እንዴ ይባባላሉ፣ እሰማቸዋለሁ።

ሐሪቱ አልተገኘችም። አስናቀ በየጊዜው እናቱን ይጠይቅልኛል። የሷን ዘር ያላችሁ ብትኖሩ በሁለት ቀን አንዴ አበጥሯት፣ ብቻዋን አትተዉአት፣ አይጥ ትያዝ ብላችሁ አትዝጉባት፤ ስትናገራችሁም መልሱላት። እኔ አምስት ወር ስትጠብቀኝ አልመለስኩላትም። በሷ ላይ የሠራሁት ግፍ አሁንም ያመኛል፣ የአባዬ መናገርም አያጥበውም።

ቤታችሁ ቃል የጠፋበት ሰው ካለ ደግሞ ዛሬ አንድ ነገር ጠይቁትና ዝም በሉ። ዝምታው ይረዝማል፣ ያስጨንቃል፣ የምታቀብሉት ቃል አፋችሁ ላይ ይመጣል። ስምንት ወር እንቅልፌን አጥቼ ሳስታምም፣ ሳጥብና ሳጎርስ፣ ለአባቴ ያልሰጠኋቸው ያንን ዝምታ ብቻ ነበር።